ድር ቢያብር፦ ከምስሉ ጀርባ ያለውን ልጅ የመፈለግ ታሪክ

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ተረቱን የተናገሩት ሰዎች ያሰቡት የሸማኔውን ድርም ይሁን የሸረሪቷን፣ መልእክቱ አይለወጥም፤ ለየብቻው የሚበጠስ ክር ሲያብር ኃይለኛውን ይይዛል። የእኛ ዘመን ይህንኑ ቃል ወስዶ ለአዲስ ነገር ስም አወጣበት። «ድረ ገጽ» አልን። ዓለምን ያዳረሰውን የኮምፒዩተሮች ትስስርም «በይነ መረብ» ብለን ጠራነው። ድርም መረብም የማጥመጃ ስሞች መሆናቸውን ያኔ ልብ ያለው ሰው ስለመኖሩ እንጃ። ሸረሪት እኮ ድሯን የምታደራው ዝንብ ልትይዝበት ነው።

በዚህ መረብ ከሚያዙት ሁሉ አቅመ ቢሶቹ ልጆች ናቸው። ወሲባዊ ጥቃት የተፈጸመበት ልጅ ምስል አንድ ጊዜ ወደ መረቡ ከገባ መመለሻ የለውም፤ ልጁ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ሳለ እንኳ ያ ምስል በማያውቀው አገር፣ ከማያውቀው ሰው እጅ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የወንጀሉን ዝርዝር አይተርክም። ሊያወሳ የሚሞክረው አገሮች ይህን ክፉ ሥራ ለመከላከል እጅ ለእጅ የተያያዙበትን፣ አንዳንዴም እጃቸውን የሰበሰቡበትን ረዥም መንገድ ነው።

መንገዱ ሲያዩት የስምምነቶችና የአዋጆች ሰልፍ ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው። ሕግ ለብዙ ዘመን «ይህን ሥዕል ማን ሠራው? ማን ሸጠው? ማን ይዞ ተገኘ?» እያለ ኖረ። «በሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ማን ነው? ዛሬስ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው እጅግ ዘግይቶ ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር የዓመታቱ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሁለት ሰነዶች በአንዲት ከተማ

በሴፕቴምበር 1923 የመንግሥታት ማኅበር በጠራው ጉባኤ የተሰበሰቡ አገሮች ጄኔቫ ላይ አንድ ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ የብልግና ጽሑፎችንና ሥዕሎችን ለንግድ ማዘጋጀትን፣ ወደ አገር ማስገባትን፣ ከአገር ማስወጣትን፣ መነገድንና ማስተዋወቅን ከለከለ። ጭንቀቱ ስለ ተመልካቹ ግብረ ገብ ነበር። በሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ቢሆን ምን ደርሶበት ለዚያ እንደበቃ ጠያቂ አልነበረም።

በዚያው ወር ማብቂያ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ሆነች። በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 1924፣ እዚያው ጄኔቫ ላይ ማኅበሩ ስለ ልጆች መብት አንድ መግለጫ አጸደቀ። ረቂቁን ያዘጋጀችው ኤግላንታይን ጄብ የተባለች እንግሊዛዊት ናት። ይህች ሴት በ1919 ከጦርነቱ ማግሥት በጠላት አገር ስለሚራቡ ልጆች ለንደን ላይ በራሪ ወረቀት አሰራጭታ ተከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱ አምስት ፓውንድ ቀጣት። የከሰሳት ዐቃቤ ሕግ ራሱ መቀጮውን የሚያህል ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ እንደሰጣት ይነገራል። በዚያው ዓመት ከእህቷ ጋር ሴቭ ዘ ችልድረንን መሠረተች። የጄኔቫው መግለጫዋ አምስት ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ልጅ በመከራ ቀን ከሁሉ አስቀድሞ እንዲረዳ፣ ከማንኛውም ዓይነት ብዝበዛም እንዲጠበቅ ያዝዛል።

ሁለቱ ሰነዶች በአንዲት ከተማ በአንድ ዓመት ልዩነት ተወለዱ፤ ዳሩ ግን አልተዋወቁም። አንዱ ሥዕሉን አየ፣ ልጁን አላየም። ሌላው ልጁን አየ፣ ሥዕሉን አላሰበም። እስኪተዋወቁ ድረስ ሌላ ጦርነት፣ ሌላ የመንግሥታት ድርጅት፣ ሌላ ትውልድ ማለፍ ነበረበት።

የመተዋወቁ ጅማሬ በ1982 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታየው የኒው ዮርክና የፌርበር ክርክር ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለንግግርና ለኅትመት የሚሰጠው ነፃነት ሰፊ ነው፤ ጥያቄው ልጆችን በወሲብ ድርጊት የሚያሳይ ምስልም በዚህ ነፃነት ሥር ይጠለላል ወይ የሚል ነበር። ዳኞቹ አይጠለልም አሉ። ምክንያታቸው ከውሳኔው ይበልጣል። እንዲህ ያለው ምስል በልጁ ላይ የተፈጸመው በደል ቋሚ መዝገብ ነው፤ በተሰራጨ ቁጥርም በደሉ ይታደሳል አሉ። በዚህ ቃል ምስሉ «ብልግና» መባሉ ቀርቶ የወንጀል ማስረጃ ወደ መሆን ተሸጋገረ።

በኖቬምበር 1989 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አጸደቀ። አንቀጽ 34 ልጆች ለወሲባዊ ብዝበዛ እንዳይዳረጉ፣ ለፖርኖግራፊ ሥራም እንዳይውሉ መንግሥታት ለየብቻቸውም ተባብረውም እንዲጠብቋቸው ያስገድዳል። ከ65 ዓመት በኋላ ሥዕሉና ልጁ በአንድ አንቀጽ ተገናኙ። ኢትዮጵያ በ1991 ስምምነቱን ተቀበለች። በዚያው በ1989፣ በማርች ወር፣ በጄኔቫ ዳርቻ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ ሰነዶችን በኮምፒዩተር እርስ በርስ የሚያገናኝ ዘዴ የሚገልጽ ወረቀት ለአለቃው አቀረበ። ዛሬ «ድር» የምንለው ከዚያ ወረቀት ተወለደ። ጠባቂው ሕግና የሚያጠምደው መረብ በአንድ ዓመት የተወለዱ እኩዮች ናቸው።

ሕግ ከኬላ ሲደርስ

በኦገስት 1996 የ122 አገሮች መንግሥታት ተወካዮች ስቶክሆልም ላይ ተሰበሰቡ። ጉባኤው ለንግድ በሚውል የልጆች ወሲባዊ ብዝበዛ ላይ የተጠራ የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ ነው። ካሰናዱት አንዱ ኤክፓት የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ እሱም በ1990 በታይላንድ የተጀመረው በእስያ ለውጭ ቱሪስቶች ይሸጡ የነበሩ ልጆችን ለማዳን ነበር። ተወካዮቹ ወደ ስቶክሆልም ሲጓዙ አውሮፓ በሐዘን ላይ ነበረች። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በቤልጅየም ሁለት ልጃገረዶች ከአንድ ወንጀለኛ ምድር ቤት በሕይወት ወጥተው፣ የሌሎች ሁለት ልጆች አስከሬን ተገኝቶ ነበር። የጉባኤው ንግግሮች የዲፕሎማት ቋንቋ ብቻ ሆነው ያልቀሩት ለዚህ ነው።

የጉባኤው አስተናጋጅ ራሷ ግን አንድ ጉድለት ነበረባት። በስዊድን እንዲህ ያለውን ምስል ማሰራጨት ወንጀል ሲሆን ይዞ መገኘት ገና ወንጀል አልነበረም፤ ወንጀል የሆነው ሕገ መንግሥታዊ ደንቡ ተሻሽሎ ከ1999 መግቢያ ጀምሮ ነው። ጃፓን ይዞ መገኘትን የከለከለችው ደግሞ በ2014 ነው። ስለዚህ አንዱ አገር የሚያስረው ሰው በሌላው አገር በነፃነት ይሄድ ነበር። በአገራችን ወግ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የአንዱ አገር «በሕግ አምላክ» ከኬላው ማዶ አይሰማም ነበር። ምስሉ በሰከንድ ውቅያኖስ ይሻገራል፤ የምርመራው ደብዳቤ በኤምባሲ በኩል ወራት ይፈጃል።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ያሳየው በ1996 በካሊፎርኒያ የተጀመረ አንድ ምርመራ ነው። የአሜሪካ ፖሊሶች በኢንተርኔት የሚገናኙ ጥቂት ወንዶች በልጅ ላይ ጥቃት ሲፈጽሙ በቀጥታ እንደሚያሳዩ ደረሱበት። የተጠርጣሪዎቹ ዱካ ወደ እንግሊዝ መራ። የእንግሊዝ ፖሊሶች አንዱን ኮምፒዩተር ሲከፍቱ ከሌላ፣ ከሚበልጥ ማኅበር ጋር ተገናኙ። ማኅበሩ «ወንደርላንድ» ይባላል። ስሙ ከታወቀ የልጆች ተረት የተወሰደ መሆኑ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ልብ የሚያቆስል ነው። አባል ለመሆን የሚፈልግ ሰው አሥር ሺህ የልጆች ምስል ማቅረብ ነበረበት።

በሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 በአሥራ ሁለት አገሮች የሚገኙ ፖሊሶች በአንድ ሰዓት በሮችን አንኳኩ። በአንድ ሰዓት መሆኑ ግድ ነበር፤ አንዱ ተይዞ ሌላው ከሰማ መረጃው በቁልፍ ምት ይጠፋልና። ከ100 በላይ ሰዎች ተያዙ፤ ከ750,000 በላይ ምስሎች ተገኙ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ከታዩት የዚህ ዓይነት ዘመቻዎች ትልቁ ይህ ነበር፤ የድር ማበር የተባለው ተረትም በፖሊስ ሥራ ተፈጸመ።

በፍርዱ ጊዜ ግን ደስታው ቀዘቀዘ። በፌብሩዋሪ 2001 በእንግሊዝ ሰባቱ ሰዎች ከ12 እስከ 30 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ወንጀሉን በፈጸሙበት ጊዜ የነበረው ሕግ ጣሪያ ሦስት ዓመት ነበር፤ ሕጉ ወደ አሥር ዓመት ከፍ ቢልም ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ቁጥርም አለ። ፖሊሶች በምስሎቹ ላይ ከ1,200 በላይ የተለያዩ ልጆች ቆጠሩ። ማንነታቸው የታወቀው ከሃያ አይሞሉም። መቶ ወንዶች በስም፣ በአድራሻ፣ በኮምፒዩተር ቁጥር ሲታወቁ ከሺህ የሚበልጡ ልጆች ግን ፊት ብቻ ሆነው ቀሩ። ሕግ የለመደውን ጥያቄ ጠይቆ የለመደውን መልስ አገኘ።

አውጫጭኝ

ከዚህ በኋላ ነው ሁለተኛው ጥያቄ ቢሮና ሠራተኛ ያገኘው። ኢንተርፖል በ2001 ከየአገሩ የተያዙ ምስሎችን የሚያነጻጽር የመረጃ ቋት አቋቋመ፤ በ2009 ደግሞ የየአገሩ መርማሪዎች በቀጥታ የሚጠቀሙበት አዲስ ቋት ተካው። ሥራው የጠቢብ ትዕግሥት ይጠይቃል። መርማሪው ከልጁ ዞር ብሎ ግድግዳውን ይመለከታል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ስንት ቀዳዳ አለው? የአልጋ ልብሱ የት ተሠራ? በመስኮት የሚታየው ዛፍ በየትኛው አየር ይበቅላል? በአንዱ አገር ትርጉም ያላገኘ ምልክት ለሌላው አገር ሰው የሰፈሩ ምልክት ነው። በዚህ መንገድ እስከ 2022 ድረስ ከ30,000 በላይ ልጆች ማንነት ታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ የሚታወሰው የ2007 ጉዳይ ነው። የጀርመን ፖሊስ በኢንተርኔት ያገኛቸው ወደ 200 የሚጠጉ ፎቶግራፎች አንድ ሰው በቬትናምና በካምቦዲያ ልጆች ላይ የፈጸመውን በደል ያሳዩ ነበር። ሰውየው የልጆቹን ፊት እንዳለ ትቶ የራሱን ፊት በኮምፒዩተር አዟዙሮ ደብቆታል። የጀርመን ባለሙያዎች የተዟዟረውን መልሰው ፈቱት። ፊቱ ታየ፤ ስሙን ግን ማንም አላወቀም። ኢንተርፖል በኦክቶበር 8 ቀን ከዚያ በፊት ያላደረገውን አደረገ፤ ፎቶግራፉን ለዓለም ሕዝብ አሳይቶ «ይህን ሰው የሚያውቅ ይናገር» አለ።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ወንጀለኛው ሲሰወር የአገሩን ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው ያዩትንና የሰሙትን ያጠይቁ ነበር። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባላል። በደለኛው ከመካከላችን ነው፤ የሚያውቀው ሰውም ከመካከላችን ነው የሚል እምነት ላይ የቆመ ሥርዓት ነው። በ2007 የተጠራው አውጫጭኝ ዛፉ ሰማይ፣ ሸንጎው ዓለም ነበር። ከተለያዩ አህጉራት ሰዎች መለሱ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰውየው ታይላንድ ውስጥ ተያዘ። ካናዳዊ መምህር ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የታይላንድ ፍርድ ቤት እስራት ፈረደበት።

የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል በ2017 ይህንኑ መንገድ ገልብጦ ጀመረው። ከምስሎቹ ልጆቹን አውጥቶ ዕቃዎቹን ብቻ፣ ከረጢቱን፣ ጠርሙሱን፣ የግድግዳ ወረቀቱን፣ ለሕዝብ ማሳየትና «ይህ ዕቃ የት ይሸጣል?» ማለት ነው። የወንጀለኛውን ፊት ከማሳየት ይልቅ የልጁን ቤት መፈለግ ነው። ጥያቄው በመጨረሻ ቦታውን ይዟል ማለት ይቻላል።

ማሽኑም በበኩሉ አገዘ። በ2009 ማይክሮሶፍት ከሃኒ ፋሪድ ከተባለው የዳርትመዝ ኮሌጅ መምህር ጋር ሆኖ ለአንድ ምስል እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ቁጥር የሚያወጣ ዘዴ ሠራ። ምስሉ ቢጠብ፣ ቀለሙ ቢለወጥ አሻራው ይታወቃል። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ምስል እንደገና ሲላክ ሰው ዓይኑን ሳያሳርፍበት ማሽኑ ይለየዋል። ፍርድ ቤቱ በ1982 ስለ በደሉ መታደስ የተናገረው ነገር ከ27 ዓመት በኋላ መሣሪያ አገኘ።

የገንዘቡ ዱካ

እኔ በባንክ መስኮት የምሠራ ሰው ነኝና በዚህ ታሪክ ውስጥ ገንዘብ የሚሄድበትን መንገድ ሳልናገር አላልፍም። በ1999 በቴክሳስ ፎርት ወርዝ ከተማ አንድ ኩባንያ ተያዘ። በክሬዲት ካርድ ለሚከፍል ሰው ወደ እንዲህ ያሉ ገጾች በር ይከፍት ነበር፤ ደንበኞቹም በዓለም ዙሪያ ተበትነዋል። የአሜሪካ ፖሊስ የደንበኞቹን ዝርዝር ለየአገራቸው አስተላለፈ። ለእንግሊዝ ብቻ ወደ 7,000 የሚጠጋ ስም ደረሰ። ብዙዎች ተፈረደባቸው። ራሳቸውን ያጠፉ ተጠርጣሪዎችም ነበሩ፤ የካርድ ቁጥራቸው በሌሎች ተሰርቆ ስማቸው ከዝርዝሩ የገባ ንጹሐን አሉ የሚለው ክርክርም ለዓመታት ቀጠለ። የካርድ ቁጥር የሰው ፊት አይደለም። ይህን የባንክ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ግን መርማሪው ሁሉ አላወቀውም። ልጅን ለማዳን የሚደረግ ትብብር የንጹሑን ሰው ስም እንዳይሰብር መጠንቀቅ እንዳለበት ያስተማረ ጉዳይ ነው።

በ2006 ትልልቅ ባንኮችና የካርድ ድርጅቶች ለእንዲህ ያለው ንግድ የሚከፈለውን ገንዘብ ለመዝጋት ማኅበር ፈጠሩ። ንግዱ በካርድ መሄድ ሲከብደው መንገዱን ለወጠ። የስልክ ካሜራ በረከሰበትና ድህነት ባልራቀበት በፊሊፒንስ ከሩቅ አገር የሚከፍል ሰው እንዳዘዘ በቀጥታ ሥርጭት በልጅ ላይ በደል የሚፈጸምበት ክፉ ገበያ ተስፋፋ። ክፍያው በሐዋላ ይላካል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ የተሰደደ ልጅ ለእናቱ ከሚልከው አይበልጥም። በመስኮት ማዶ ላለ ሠራተኛ ሁለቱ ደረሰኞች መንትያ ናቸው።

የአውስትራሊያ የገንዘብ ዝውውር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኖቬምበር 2019 ዌስትፓክ የተባለውን የአገሪቱን ትልቅ ባንክ ከሰሰ። ከ23 ሚሊዮን በላይ የሕግ ጥሰቶች ተቆጠሩበት። ከእነዚህ መካከል ወደ ፊሊፒንስና ወደ ሌሎች የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች በተደጋጋሚ የሚላኩ፣ የልጆች ብዝበዛ ምልክት የሚታይባቸው ትንንሽ ክፍያዎችን በወጉ አለመከታተሉ ይገኝበታል። በቀናት ውስጥ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ለቀቁ፤ በ2020 ባንኩ 1.3 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ። በባንክ ቤት ቋንቋ ትንሽ ገንዘብ ትንሽ ሥጋት ነው። ያ ቅጣት ይህን ደንብ ሽሮታል። ትንሹ ሐዋላ የልጅ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ስም ማውጣት

በ2016 መግቢያ የልዩ ልዩ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባለሙያዎች ሉክሰምበርግ ላይ ተሰብስበው የቃላት መመሪያ አጸደቁ። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ይህ ከብዙ አዋጅ ይበልጣል። «የሕፃናት ፖርኖግራፊ» የሚለውን አነጋገር ተዉት ይላል መመሪያው። ፖርኖግራፊ የሚለው ቃል ፈቃደኛ አዋቂዎችን፣ ንግድንና መዝናኛን ያስታውሳል፤ ልጅ ግን ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም። በምትኩ «በልጆች ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ምስል» በሉ አለ። ቃሉ ረዝሟል፤ ልጁ ግን የጥቃቱ ተበዳይ ሆኖ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ታይቷል። በ1923 በስምምነቱ ውስጥ ያልነበረው ልጅ ከ93 ዓመት በኋላ ስሙ በራሱ በቃሉ ውስጥ ገባ። በአማርኛችንም «የብልግና ፊልም» እያልን የልጅን በደል የምንጠራ ካለን የምናስብበት ነገር ነው። ብልግና የሚለው ቃል ነውሩን ለማን እንደሚያሸክም አይለይም። ተበድሎ ዝም የሚል ልጅ ግን ነውሩን ለራሱ ይወስደዋል።

ይህ የዝምታ ጉዳይ ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው በጁላይ 1990 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ አንቀጽ 27 ልጆች ለወሲባዊ ብዝበዛ እንዳይውሉ ይከለክላል። የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዓ.ም. በአንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ በኮምፒዩተር የሚፈጸሙ እንዲህ ያሉ ወንጀሎችን ይቀጣል። በዲሴምበር 2019 ደግሞ በበይነ መረብ በልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ብዝበዛን የሚመለከት የዓለም ጉባኤ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ፣ አዲስ አበባ ተካሄደ። ዩኒሴፍ፣ ኤክፓትና ኢንተርፖል ተባብረው ያጠኑትና በ2022 የወጣው ጥናት በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች ከአሥሩ አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ግልጽ የሆነ እንዲህ ያለ በደል እንደደረሰበት ገለጸ። ወደ 300,000 ልጆች ማለት ነው። እንግዲህ ይህ የሌላ አገር ታሪክ ነው ብሎ ማለፍ የሚቻልበት ጊዜ አልፏል።

ያልተፈታው ቋጠሮ

የዚህ ታሪክ የቅርቡ ምዕራፍ ተስፋና ሥጋት የተቀላቀለበት ነው። የጠፉና የተበዘበዙ ልጆችን የሚረዳው የአሜሪካ ማዕከል በ1998 የጥቆማ መስመሩን ሲከፍት በመጀመሪያው ዓመት የደረሰው ጥቆማ አምስት ሺህ አልሞላም። በ2023 ከ36 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ አብዛኛውም ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሰዎችን የሚመለከት ነው። በ2024 ቁጥሩ ወደ 20.5 ሚሊዮን ወረደ። ከመቀነሱ ምክንያቶች አንዱ ተመሳሳይ ጥቆማዎች በአንድነት መላክ መጀመራቸው ነው። ሌላው ግን ያከራክራል። የመልእክት ኩባንያዎች ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም በማይከፍተው ምስጠራ መጠቀም በጀመሩ መጠን የአሻራ ማሽኑ ዓይን ይጨልማል። ያው ምስጠራ ጋዜጠኛውን፣ ስደተኛውን፣ ከሚደበድባት ባሏ የምትሸሸውን ሴት ይጠብቃል። ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 2024 የኮምፒዩተር ወንጀልን የሚመለከት የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀ። በውስጡ በልጆች ላይ የተፈጸመ ጥቃት ምስልንና ልጆችን በበይነ መረብ አባብሎ ማጥመድን የሚከለክሉ አንቀጾች አሉ። በኦክቶበር 2025 ሃኖይ ላይ ከ60 በላይ አገሮች ፈረሙ፤ እንዲጸና አርባ አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ስምምነቱ ለመንግሥታት የሚሰጠው የስለላ ሥልጣን ሰፊ ነው ብለው ይሰጋሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በልጅ ስም የተዘረጋ መረብ ሌላውንም ሊይዝበት ይችላል። አውጫጭኝም በዘመኑ ንጹሑን ከሥራው አስተጓጉሎ ሲያጉላላ እንደነበር የሚያውቁ ያውቃሉ። ድሩን የሚያደራው እጅ ተጠያቂ መሆን አለበት የሚለው ትምህርት ከቴክሳሱ ዝርዝር ጀምሮ ተጽፏል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ የሌለ ልጅ ፊት መፍጠር፣ ያለን ልጅ ፊት ወዳልነበረበት በደል መክተት ችሏል። መርማሪው «ይህ ልጅ ማን ነው?» ከማለቱ በፊት «ይህ ልጅ አለ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ተገዷል። የሌለውን ልጅ ሲፈልግ ያለውን የሚያድንበት ሰዓት ያልፋል።

ስለዚህ ወደ ወንደርላንድ ልጆች እመለሳለሁ። ከ1,200 በላይ ከሆኑት ልጆች ያኔ በስም ያልታወቁት ከሺህ በላይ ናቸው። በ1998 ሕፃናትና አዳጊዎች ነበሩ። በሕይወት ካሉ ዛሬ ብዙዎቹ የእኔ እኩዮች ናቸው፤ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ። በየትኛውም አገር ይኖሩ ይሆናል። አንዷ መምህርት ትሆናለች። አንዱ ከባንክ መስኮት ማዶ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ይሆናል፤ መታወቂያውን ይሰጣል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ይፈርማል። በአንድ ወቅት አሥራ ሁለት አገሮች ስሙን አጥተው ፊቱን ብቻ በመዝገብ እንደያዙ እሱም አያውቅ ይሆናል፤ ወይም ያውቅ ይሆናል፤ ለማንም አልነገረም።